ተመልሶ የሚጠበው ስቴንት፦ የሕክምናዎቹ የአርባ ዓመት ፉክክር

ስቴንት የእስክሪብቶ ቀለም የሚይዘውን ቀጭን ቱቦ የሚያህል የብረት መረብ ነው። የልብን ጡንቻ የሚመግብ ደም ቧንቧ በስብና በካልሲየም ሲጠብ፣ ሐኪሙ ከእጅ አንጓ ወይም ከብሽሽት በሚያስገባው ረጅም ቱቦ እየመራ ይወስደውና በጠበበው ቦታ ላይ ይነፋዋል፤ መረቡ ተለጥጦ ከግድግዳው ጋር ይጣበቅና እዚያው ይቀራል። አንዴ የገባ ስቴንት አይወጣም። የአንዳንዱ ሰው ቧንቧ ታዲያ በብረቱ ውስጥ ሥጋ አብቅሎ እንደገና ይጠባል። በሽተኛው ከስድስት ወር ወይም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንኑ የደረት ሕመም ይዞ ሲመለስ፣ ቧንቧው ውስጥ አሁን ሁለት ነገር አለ፦ በሽታውና የፊተኛው ሕክምና። ይህን ዳግም መጥበብ ለማከም የተሞከሩት ዘዴዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም የተፈለሰፉት ከእነሱ በፊት የነበረው ሕክምና ያመጣውን ጣጣ ለማንሳት ነው።

ችግሩ ስቴንት ከመፈጠሩ ይቀድማል። በ1964 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ፣ ቻርልስ ዶተር የተባለ የራጅ ሐኪም፣ እግራቸው ይቆረጥ ተብለው እምቢ ያሉ የ82 ዓመት አዛውንት ሴት የጠበበ የእግር ደም ቧንቧ ያለ ቀዶ ሕክምና በቱቦ ብቻ ከፈተ። ሴትዮዋ እስኪሞቱ ድረስ በሁለት እግራቸው ሄዱ። ከ13 ዓመት በኋላ ጀርመናዊው አንድሪያስ ግሩንትዚግ፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከረዳቶቹ ጋር እየቆረጠና እያጣበቀ በሠራው ባሉን (በቱቦ ጫፍ ላይ የሚነፋ ፊኛ) የልብን ቧንቧ ለመክፈት በቃ። ቀኑ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977፣ ቦታው ዙሪክ፣ በሽተኛው የ38 ዓመት ሰው ነበር። የዚያ ሰው ቧንቧ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲታይ እንደተከፈተ ነበር። የመጀመሪያው በሽተኛ ዕድለኛ ነበር ማለት ነው፤ ከእሱ በኋላ በባሉን ከታከሙት ከሦስቱ የአንዱ፣ በአንዳንድ ጥናት ከዚያም የሚበዛው፣ በስድስት ወር ውስጥ ተመልሶ ጠቧል። ምክንያቱ ሁለት ነው። የተለጠጠው ግድግዳ እንደ ላስቲክ ይመለሳል፤ የተሰነጠቀው ደግሞ ጠባሳ ያበጃል።

ስቴንት የመጣው የመጀመሪያውን ምክንያት ለማስቀረት ነው። በ1986 ዣክ ፑዌል በፈረንሳይ ቱሉዝ፣ ኡልሪክ ዚግቫርት በስዊዘርላንድ ሎዛን፣ ራሱን የሚዘረጋ የብረት መረብ በሰው ልብ ቧንቧ ውስጥ አስገቡ። ጅምሩ አላማረም። በ1991 በታተመ ዘገባ ከታዩት 105 በሽተኞች የ25ቱ ስቴንት ሙሉ በሙሉ ተዘግቷል። የተሻለው ንድፍ የመጣው ከአርጀንቲናዊው ሁሊዮ ፓልማዝ ነው። ፓልማዝ በ1978 ኒው ኦርሊንስ ላይ ግሩንትዚግ ስለ ባሉኑ ሲናገር ሰማ፤ ቧንቧውን ከውስጥ የሚደግፍ ነገር ማሰብ ጀመረ፤ ሐሳቡን ያጠራለት ደግሞ ለግድግዳ ልስን መያዣ የሚውል፣ ሲለጥጡት ቀዳዳዎቹ የሚሰፉ የብረት ወንፊት ነው። ከሪቻርድ ሻትዝ ጋር ያሻሻለው ስቴንት በ1994 የአሜሪካን ፈቃድ አገኘ። በዚያው ዓመት ስቴንትንና ባሉንን ያወዳደሩ ሁለት ጥናቶች ወጡ፤ አንዱ በአውሮፓ፣ ሌላው በሰሜን አሜሪካ። በአውሮፓው ዳግም መጥበብ ከ32 በመቶ ወደ 22፣ በአሜሪካው ከ42 ወደ 32 በመቶ ወረደ።

ይህ እንደ ድል ተቆጠረ፤ ድልም ነበር። ነገር ግን ቁጥሩን ገልብጦ ለሚያነብ፣ ስቴንት ከተደረገላቸው ከሦስት እስከ አምስት ከሚሆኑ ሰዎች የአንዱ ቧንቧ ተመልሶ ጠቧል። ስቴንት በየሆስፒታሉ የዘወትር ሥራ ሲሆን፣ ያ አንዱ ሰው ተጠራቅሞ ሕዝብ ሆነ።

በብረቱ ውስጥ የሚበቅለው ሥጋ ምንድን ነው? ስቴንቱ ሲነፋ ቀጫጭን ዘንጎቹ የቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን ገፍተው ያቆስላሉ። ቁስሉ ላይ መጀመሪያ ደም ይረጋል፤ ከዚያ እብጠት የሚጠሩ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ በመጨረሻም በግድግዳው ውስጥ ተኝተው የነበሩ የጡንቻ ሕዋሳት ነቅተው ይራባሉ፣ ወደ ውስጥም ይፈልሳሉ። ቆዳ ላይ የሚያብጥ ጠባሳ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ነገሩን ይገምተዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ጠባሳው የሚያብጠው ሦስት ሚሊሜትር በሆነ ቀዳዳ ውስጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስቴንት የላስቲኩን ነገር አስቀርቶ የጠባሳውን አባሰው። ብረቱን በወርቅ ቢለብጡት ሰውነት ይስማማው ይሆናል ተብሎ ተሞክሮ ነበር፤ በሙኒክ የተደረገ ጥናት በ2000 እንዳሳየው በወርቅ የተለበጠው ይባስ ጠበበ። የሚዋጥ መድኃኒትም አልረዳም። ትራኒላስት የተባለው ክኒን ከ11 ሺህ በሚበልጡ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ ያመጣው ለውጥ አልነበረም።

በ1999 ሮክሳና መህራንና ባልደረቦቿ አንድ የሚያዋጣ ነገር ሠሩ፦ የጠበቡትን ስቴንቶች በመልካቸው ከፋፈሉ። በአንድ ቦታ ብቻ የጠበበ፣ በስቴንቱ ርዝመት ሁሉ የጠበበ፣ ከስቴንቱ ጫፍ አልፎ የተስፋፋ፣ ፈጽሞ የተዘጋ። ከታከሙ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሰው ሕክምና የፈለጉት ከመጀመሪያው ዓይነት 19 በመቶ፣ ከሁለተኛው 35፣ ከሦስተኛው 50፣ ከአራተኛው 83 በመቶ ነበሩ። ከዚህ በኋላ ሁለት ሕክምናን ሳይከፋፍሉ ማወዳደር አሳሳች ሆነ። አጭር ጥበት ያላቸውን ብቻ መርጦ ያከመ ሐኪም፣ የትኛውንም መሣሪያ ቢይዝ ጎበዝ መስሎ ይታያልና።

የመጀመሪያው ሕክምና ቀላሉ ነበር፦ ባሉኑን መልሶ ማስገባትና መንፋት። የበቀለው ሥጋ ይጨፈለቃል፤ ከፊሉም በመረቡ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይገፋል። አስቸጋሪው ሥጋው የሚያዳልጥ መሆኑ ነው። ባሉኑ መሐል ላይ ሲነፋ፣ እርጥብ ሳሙና ከእጅ እንደሚያመልጥ፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሾልክና ደህናውን ቧንቧ ያቆስላል። ለዚህ ሲባል በጎኑ ጥቃቅን ስለቶች ያሉት ባሉን ተሠራ፤ ስለቶቹ ሥጋውን ቆንጥጠው ስለሚይዙ አይሾልክም። በ428 በሽተኞች ላይ የተደረገው ጥናት በ2004 ሲወጣ ግን፣ ባለ ስለቱ 29.8 በመቶ፣ ተራው 31.4 በመቶ ዳግም ጠቧል። ሥራው አመቸ፤ ውጤቱ ያው ሆነ።

ሥጋውን ከመጨፍለቅ መፋቅ ይሻላል ያሉም ነበሩ። የአልማዝ ብናኝ የተለበጠች፣ የወይራ ፍሬ ቅርጽ ያላት፣ ከምስር ቅንጣት የምታንስ መፋቂያ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ እየተሽከረከረች ሥጋውን ታደቅቃለች። በ2002 በወጣው የአውሮፓ ጥናት በመፋቂያው ከታከሙት 65 በመቶው፣ በተራ ባሉን ከታከሙት 51 በመቶው ዳግም ጠበበባቸው። በአንድ የአሜሪካ ማዕከል የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ መፋቂያው ይሻላል አለ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ለሚያነብ፣ ፍርዱ ከመሣሪያው ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው። አሜሪካኖቹ በቧንቧው ውስጥ በሚገባ አልትራሳውንድ እያዩ፣ ሲገባ በደንብ ያልተነፋ ስቴንት ያላቸውን በሽተኞች አስቀድመው ለይተው አውጥተዋል፤ አውሮፓውያኑ ደግሞ ከፈቀፈቁ በኋላ ባሉኑን የነፉት በዝቅተኛ ግፊት ነው። ችግሩ ሥጋው ሳይሆን ያልተከፈተ ብረት ከሆነ፣ ሥጋውን መፋቅ ምን ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ በወቅቱ ብዙ ሰሚ አላገኘም።

በስቴንት ላይ ስቴንት መደረብም ተሞከረ። በስፔን ፈርናንዶ አልፎንሶ የመራው የ450 በሽተኞች ጥናት በ2003 ባሉንና ሁለተኛ ስቴንት እኩል ናቸው አለ፦ 39 በመቶና 38 በመቶ። ሦስት ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ስፋት ባላቸው ቧንቧዎች ብቻ ስቴንቱ በልጦ ታየ።

ከዚያ የጨረር ዘመን መጣ። የሚራባን ሕዋስ ጨረር እንደሚያቆመው የካንሰር ሐኪሞች ያውቁታል፤ ቆዳ ላይ የሚያብጥ ጠባሳም በጨረር ይታከም ነበር። ፖል ታይርስታይን በካሊፎርኒያ በ55 በሽተኞች ላይ የሞከረው የኢሪዲየም ጨረር በ1997 ሲታተም፣ ዳግም መጥበብ ከ54 በመቶ ወደ 17 ወርዶ ነበር። ይህን የሚያህል ልዩነት ከዚያ በፊት ማንም አላሳየም። አሠራሩ ግን የልብ ሐኪሞች የለመዱት ዓይነት አልነበረም። ቧንቧው በባሉን ከተከፈተ በኋላ የጨረር ሐኪምና የፊዚክስ ባለሙያ በእርሳስ የተሸፈነ ዕቃ ይዘው ይገባሉ፤ ጨረር አመንጪ ቅንጣቶች የተደረደሩበት ቀጭን ክር በቱቦው ውስጥ ወደ ልብ ይላካል፤ ጋማ ጨረር ከሆነ ሌላው ሁሉ ክፍሉን ለቆ ይወጣና፣ በሽተኛው ክሩ ልቡ ውስጥ ሆኖ ለሃያ ደቂቃ ያህል ብቻውን ይተኛል። ቤታ ጨረር የሚጠቀሙት መሣሪያዎች በጥቂት ደቂቃ ስለሚጨርሱና ጨረሩም ሩቅ ስለማይሄድ ይህን አቀለሉት።

በ2000 መጨረሻ አሜሪካ ሁለት የጨረር መሣሪያዎችን ፈቀደች። ጣጣው ወዲያው ታየ። ጨረሩ ጠባሳውን እንዳቆመ ሁሉ ቁስሉ እንዳይሽርም አደረገ፤ ራቁቱን የቀረ ብረት ላይ ከወራት በኋላ ደም ይረጋል። ማርቲን ሊዮን በመራው የ252 በሽተኞች ጥናት ዳግም መጥበብ ከ55.3 ወደ 32.4 በመቶ ሲወርድ፣ ዘግይቶ የሚመጣ የደም መርጋት ደግሞ ከ0.8 ወደ 5.3 በመቶ ወጣ። ባሉኑ ያቆሰለው ጨረሩ ያልደረሰበት ጫፍም ነበር፤ መሐሉ ክፍት ሆኖ ሁለቱ ጫፎች ሲጠቡ ቧንቧው የተጠቀለለ ከረሜላ ይመስላል፣ ሐኪሞቹም በዚሁ ስም ጠሩት። መፍትሔ የተባለው ከስቴንት በኋላ የሚወሰደውን ደም ማቅጠኛ ለዓመት ያህል ማራዘምና ጨረሩን ከቁስሉ ጫፍ ማሳለፍ ነበር። ሆኖም ጨረርን ከመድረኩ ያወረደው ጣጣው ሳይሆን ሌላ ፈጠራ ነው።

የፈጠራው ሥር ከልብ ሕክምና በጣም ይርቃል። በ1964 አንድ የካናዳ ቡድን በሰላማዊ ውቅያኖስ ወደምትገኘው ራፓ ኑይ ደሴት ሄዶ አፈር ሰብስቦ ነበር። በሞንትሪያል ሱረን ሰህጋልና ባልደረቦቹ ከዚያ አፈር ባክቴሪያ ያገኙት ውሕድ በደሴቲቱ ስም ራፓማይሲን ተባለ፤ ኋላ ሲሮሊመስ የሚለውን ስም ያዘ። መጀመሪያ የታሰበው ለፈንገስ ነበር። ይሠራበት የነበረው ኩባንያ ምርምሩን ሲያቆም ሰህጋል ናሙናውን በቤቱ ማቀዝቀዣ አኖረው ይባላል። በ1999 ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ተፈቀደ፤ የሕዋስን መራባት ስለሚገታ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በብራዚል ሳን ፓውሎ ኤድዋርዶ ሱዛ ይህ መድኃኒት የተለበጠበትን ስቴንት በሰው ልብ ውስጥ አስገባ። ብረቱ ላይ ያለው ፖሊመር መድኃኒቱን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቃል። በ2002 የወጣው የ238 በሽተኞች ጥናት የባዶውን ብረት ዳግም መጥበብ 26.6 በመቶ፣ የባለ መድኃኒቱን ዜሮ አለ። ተፎካካሪው ፓክሊታክሰል ደግሞ ከአሜሪካ ምዕራብ ጫካ ዛፍ ልጣጭ የተገኘ የካንሰር መድኃኒት ነው። ሁለቱም በ2003 እና በ2004 አሜሪካ ገበያ ገቡ።

እነዚህ ስቴንቶች ለጠበበ ስቴንትም ይሆናሉ ወይ የሚለውን የሙኒክ ሐኪሞች በ2005 መለሱ። በ300 በሽተኞች ዘንድ በሲሮሊመስ ስቴንት 14.3፣ በፓክሊታክሰል 21.7፣ በተራ ባሉን 44.6 በመቶ ጠበበ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ መድኃኒቶች በየተራ ከጨረር ጋር ተወዳደሩ፤ በሁለቱም ጨረር ተሸነፈ። የእርሳሱ ዕቃ ከብዙ ሆስፒታሎች ወጣ።

በዚሁ በ2006 ግን ባርሴሎና በተደረገ የልብ ሐኪሞች ጉባኤ፣ ባለ መድኃኒት ስቴንቶች ከዓመት በኋላም ደም ሊረጋባቸው እንደሚችል የሚያሳዩ ዘገባዎች ቀርበው ትልቅ ድንጋጤ ሆነ። ባለ መድኃኒቱም ቢሆን ጥቂቱ ይጠባል። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚያደርገው በብረት ላይ ብረት፣ በዚያም ላይ ሌላ ብረት መደረብ ከሆነ፣ ቧንቧው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በልጣጭ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ልጣጭም ከቀዳዳው ስፋት ይወስዳል።

የጀርመኖቹ ብሩኖ ሼለርና ኡልሪክ ሽፔክ ሐሳብ ለዚህ የተመቸ ነበር። መድኃኒቱ ለሳምንታት መለቀቅ አለበት ተብሎ ይታመን ነበር። እነሱ ግን ፓክሊታክሰል ስብ ወዳድ ስለሆነ ግድግዳው ውስጥ በሰከንዶች ገብቶ ለቀናት እንደሚቆይ አዩ። ለራጅ የሚረጨውን የቀለም ፈሳሽ ከመድኃኒቱ ጋር አዋሕደው ባሉን ላይ ቀቡት። በ2006 የታተመው ጥናት 52 በሽተኞች ብቻ ነበሩት፤ በተቀባው ባሉን የጠበበው 5 በመቶ፣ ባልተቀባው 43 በመቶ ሆነ። ሐኪሙ መጀመሪያ በተራ ባሉን መንገዱን በደንብ ይከፍታል፤ የተቀባው ከማሸጊያው ከወጣ በኋላ ሽፋኑን በጣት አይነካም፤ ደም እንዳያጥበው ቶሎ ያደርሰውና ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ነፍቶ ያወጣዋል። መድኃኒቱ ይቀራል፤ ብረት አይቀርም።

ከዚህ ወዲያ ፉክክሩ በሁለት ተወሰነ፦ የተቀባ ባሉንና አዲሱ ትውልድ ባለ መድኃኒት ስቴንት። ልዩነቱን ለመረዳት መለኪያውን ማወቅ ይጠቅማል። በምስል ጠበበ የሚባለው የቧንቧው ወርድ ከግማሽ በላይ ሲጠፋ ነው፤ በምስል የጠበበ ሁሉ ግን አያሳምምም። ስለዚህ ሁለተኛው መለኪያ በሽተኛው ለዚያው ቦታ ሕክምና ተመልሶ መምጣቱ ነው። በስፔን በተደረገ የ309 በሽተኞች ጥናት፣ ባለ መድኃኒት ስቴንት ጠቦባቸው የታከሙት ከወራት በኋላ ሲታዩ፣ አዲስ ስቴንት ያገኙት 2.03 ሚሊሜትር፣ ባሉን ያገኙት 1.80 ሚሊሜትር ቀዳዳ ነበራቸው። ኋላ አሥር ጥናቶች ውስጥ ያሉ 1976 በሽተኞች በአንድ ላይ ሲተነተኑ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ባሉኑ ተመላሽ በማስቀረት ከስቴንቱ በመጠኑ ያንሳል፤ በሞትና በድንገተኛ የልብ ሕመም ረገድ ግን የሚለያዩ አልነበሩም። የጠበበው ባዶ ብረት ከሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ባለ መድኃኒት ከሆነ ስቴንቱ ይበልጣል። በ2018 ሁለቱንም በእኩል ደረጃ ይመክር የነበረው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ በ2024 ባለ መድኃኒት ስቴንት ለጠበበበት ሰው አዲስ ስቴንትን አስቀደመ።

አሜሪካ የተቀባ ባሉን ለልብ የፈቀደችው በማርች 2024 ነው፤ ከጀርመኖቹ ጥናት 18 ዓመት ዘግይታ። ለፈቃዱ መሠረት የሆነው የ600 በሽተኞች ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕክምናው ያልሠመረላቸውን በተቀባው 17.9፣ ባልተቀባው 28.6 በመቶ አድርጎ ለካ። ተወዳዳሪው ተራ ባሉን መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ አውሮፓ ውስጥ ያ ባሉን ብቻውን መታከሚያ መሆኑን ካቆመ ቆይቷል።

ስለ ያልተከፈተ ብረት ተነሥቶ ሰሚ ያጣው ጥያቄም በመጨረሻ ተመለሰ። ዛሬ ጥሩ የሚባል ማዕከል መሣሪያ ከመምረጡ በፊት በአልትራሳውንድ ወይም በብርሃን በሚያነብ ቀጭን ካሜራ ቧንቧውን ከውስጥ ያያል። የሚታየው ሁልጊዜ ጠባሳ አይደለም። አንዳንዴ ስቴንቱ ሲገባ በካልሲየም ቅርፊት ታፍኖ ሳይከፈት ቀርቷል፤ አንዳንዴ ዘንጉ ተሰብሯል፤ ዓመታት ባለፉበት ስቴንት ውስጥ ደግሞ አዲስ ስብ ተጋግሮ ይገኛል። ላልተከፈተው መድኃኒት ብቻውን አይረዳም። የመኪና ጎማ ሁለት አትሞስፌር ከምናምን ሲነፋ፣ ለዚህ የሚሠራው ጠንካራ ባሉን ከ35 በላይ ይችላል፤ እሱ ካቃተው የኩላሊት ጠጠር ከሚሰበርበት ዘዴ የተወሰደ የድምፅ ሞገድ ከብረቱ ጀርባ ያለውን ካልሲየም ይሰነጥቃል፤ ሌዘርም አለ። የተሰበረውን በአጭር ስቴንት መደገፍ ይቻላል። ሁለት ወይም ሦስት ልጣጭ ብረት ላለበት ቧንቧ የተቀባው ባሉን ይመረጣል፤ ዋና ዋናዎቹ ቧንቧዎች ሁሉ የተበላሹበት ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ይላካል። ይህም ያልሆነለት፣ ልጣጩ የበዛበትና ተመላልሶ የጠበበበት በሽተኛ በጥቂት የአሜሪካ ሆስፒታሎች አሁንም ጨረር ያገኛል፤ የእርሳሱ ዕቃ እዚያ ሥራ ላይ ነው።